ዲቪዲ-አር፣ ዲቪዲ+አር፣ አርደብልዩ… ልዩነታቸው ምንድነው? ዴኩ አላነብም አለኝ

ሩት_ም

ሰላም ለሁላችሁ።

የአባቴን 70ኛ ዓመት ልደት ቀርጸን ነበር። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ወላጆቼ ቤት ያለው አሮጌ የዲቪዲ ዴክ ነው፤ ፍላሽ መሰኪያ የለውም። በዲቪዲ ቀድቼ ልስጣቸው ብዬ ቤት ውስጥ የተረፉ ባዶ ዲስኮች ሰበሰብኩ። አንዱ ላይ "ዲቪዲ-አር" ይላል። ሌላው ላይ "ዲቪዲ+አር"። ሦስተኛው ላይ "ዲቪዲ-አርደብልዩ"። መጠናቸው አንድ፣ ቀዳዳቸው አንድ፣ ሁሉም 4.7 ጊጋ ይላሉ።

ቢበላሽ እሰርዘዋለሁ ብዬ በአርደብልዩው ጀመርኩ። ላፕቶፔ ላይ ፋይሉን ጎትቼ ከተትኩት። ገባ። ላፕቶፑ ላይም በደንብ ያጫውታል። ዴኩ ውስጥ ሳስገባው ግን ትንሽ አጉረመረመና "ኖ ዲስክ" ብሎ ተፋው። በፕላስ አሩ ደገምኩ። እሱን አልተፋውም፤ "ሎዲንግ" እያለ ቆየና ባዶ ሰማያዊ ስክሪን አሳየኝ።

ይሄ መደመርና መቀነስ ምንድነው? የቀሩኝ ሁለት ማይነስ አርና ሦስት ፕላስ አር ናቸው። እነሱንም ከማበላሸቴ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው።

ፈጣኑ

አሁንም በዲቪዲ የሚቀዳ ሰው አለ እንዴ? ፍላሽ የሚቀበል ዴክ ግዢላቸውና ተገላገይ።

ሩት_ም

አባቴ ያንን ዴክ አያስነካም። የሪሞቱን ቁልፎች በጨለማ ያውቃቸዋል። አዲስ ዕቃ አምጥቼ ሰላም አልነሳውም።

ጋሽ_ሌዘር

ሩት፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስሽ። የሰው ሠርግ ስቀዳና ሳባዛ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ቢረዝምም ታገሺኝ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ፊደሉንና ምልክቱን ለያይተሽ እይው። "አር" አንዴ ብቻ የሚጻፍ ነው። ከተጻፈ ተጻፈ። "አርደብልዩ" ተሰርዞ እንደገና ይጻፋል፤ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይችላል ነው የሚባለው። ዋናው ልዩነት ይሄ ነው። መደመርና መቀነሱ ግን የኩባንያዎች ጠብ የወለደው ነገር ነው።

ፓዮኒር በ1997 ዲቪዲ-አርን አወጣ። ያኔ የሚይዘው 3.95 ጊጋ ነበር፤ 4.7 የሆነው በኋላ ነው። ደጋፊው ዲቪዲ ፎረም የሚባለው የኩባንያዎች ማኅበር ነበር። ብዙም ሳይቆይ እነ ፊሊፕስ፣ ሶኒና ኤችፒ "እኛ የተሻለ አለን" ብለው ለብቻ ጎራ ለዩ። የእነሱ ዲቪዲ+አርደብልዩ በ2001፣ ዲቪዲ+አር ደግሞ በ2002 ገበያ ገባ። ፎረሙ ያኔ አላጸደቀላቸውም። እጅሽ ላይ ያለውን ፕላስ ዲስክ ልብ ብለሽ እይው። ፊልም ላይ የለመድነው የዲቪዲ ዓርማ አይደለም ያለበት፤ "አርደብልዩ" የሚሉ ትልልቅ ፊደላት ያሉበት ሌላ ዓርማ ነው። አንዴ ብቻ በሚጻፈው ላይ ሳይቀር! በዚህ ዓርማ ተታልሎ "እሰርዘዋለሁ" ብሎ የተሸወደ ደንበኛ ስንቱን አይቻለሁ።

ሁለቱ ጎራዎች ሆድና ጀርባ በነበሩበት ጊዜ ድራይቭ ስትገዢ አንዱን መምረጥ ግድ ነበር። በ2002 ሶኒ ሁለቱንም የሚጽፍ ድራይቭ አወጣ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። የአንቺ ላፕቶፕ ሁለቱንም ዓይነት የሚጽፈው ለዚህ ነው። ጣጣው የቀረው አሮጌ ዴክ ላይ ነው።

አሁን ወደ አንቺ አርደብልዩ። በፋብሪካ የታተመ ተራ የፊልም ዲስክ፣ ሌዘሩ ከሚያበራበት ብርሃን 45 በመቶና ከዚያ በላይ መልሶ ያንጸባርቃል። አሮቹ፣ ማይነስም ፕላስም፣ ወደዚያ ይጠጋሉ። አርደብልዩ ግን የሚመልሰው ከ18 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው። ሌዘሩ የደከመ ዴክ ያንን ደብዛዛ ብርሃን ሲያይ ዲስክ የገባም አይመስለው። ገልብጠሽ መብራት ሥር ያዢው። አርደብልዩው ጠቆር ያለ ግራጫ መስታወት ይመስላል። አሩ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ዴኩም የሚያየው ይሄንኑ ነው።

ፕላስ አሩን በተመለከተ፦ እያንዳንዱ ዲስክ "እኔ እንዲህ ያለ ዓይነት ነኝ" የሚል ምልክት ውስጡ አለው፤ ቡክ ታይፕ ይባላል። አሮጌ ዴክ "ፕላስ አር" የሚለውን ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ማይነስ አሩን ተጠቀሚ፣ ይሠራል።

ደማሪው

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ ግን በመጨረሻው አልስማማም። ፕላስ ነው የሚሻለው። ምክንያቴን ላስረዳ።

ባዶ ዲስክ በእውነት ባዶ አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ የሚጠመዘዝ አንድ ረጅም ትልም ተተልሞበታል። ትልሙ ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ እባብ በትንሹ ይወላገዳል። ድራይቩ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የሚያውቀው ያንን ውልግድግድ እየተከተለ ነው። ማይነስ ላይ ውልግድግዱ ቀስ ያለ ነው፣ 140.6 ኪሎኸርዝ። የት ቦታ እንደደረሰ የሚያውቀው ደግሞ በትልሞቹ መካከል ባለው ወሰን ላይ ከተበሱ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነው። ፕላስ ላይ ውልግድግዱ 817.4 ኪሎኸርዝ ነው፤ አድራሻውም እዚያው ውስጥ ተጽፏል። ለየብቻ የሚነበብ ጉድጓድ የለም። ፍጥነት ሲጨምር ያቺን ጉድጓድ በትክክል መያዝ ከባድ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለውን ውልግድግድ መከተል ግን ይቀላል።

ሁለተኛ፣ ራስዎ ያነሡት ቡክ ታይፕ። ፕላስ አር ላይ ሲጻፍ ምልክቱን "ዲቪዲ-ሮም" ወደሚለው መቀየር ይቻላል፣ ድራይቩ ከፈቀደ። ያኔ ዴኩ የፋብሪካ ፊልም የገባለት ይመስለዋል። ማይነስ ላይ ይሄ አይሆንም።

ጋሽ_ሌዘር

ደማሪው፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ግን የተናገርከው ለሚጽፈው ድራይቭ ነው። የሩት ችግር ያለው የሚያነበው ዴክ ጋ ነው። ዴኩ ውልግድግዱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ማይነስ አር ቀድሞ ስለወጣ አሮጌ ዴኮች ይበልጥ የለመዱት እሱን ነው። ቡክ ታይፕ መቀየሩም ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን የላፕቶፕ ድራይቭ ሁሉ አይፈቅድም። አንድ ልደት ለመቅዳት ያን ያህል መድከም ምን ያደርጋል?

ደማሪው

እሺ ጋሼ፣ ለአሮጌ ዴክ ማይነስ ይሁን። ለኮምፒውተር መጠባበቂያ ግን ከፕላስ አልላቀቅም።

ዝምተኛ_ሰው

ይቅርታ፣ ብዙ ጊዜ አልጽፍም። ግን ሁላችሁም አንድ ዓረፍተ ነገር ዘላችኋል። ሩት "ፋይሉን ጎትቼ ከተትኩት" ብላለች። ፋይሉ ምንድነው? ኤምፒ4?

ሩት_ም

አዎ፣ ኤምፒ4 ነው። በስልክ ነው የተቀረጸው። 3.1 ጊጋ። ምነው?

ዝምተኛ_ሰው

እንግዲያው ማይነስ አሩንም ታበላሺው ነበር።

አሮጌ ዴክ ኤምፒ4 አያውቅም። እሱ የሚያውቀው "ዲቪዲ ቪዲዮ" የሚባለውን አሠራር ነው። ዲስኩ ውስጥ "ቪዲዮ_ቲኤስ" የሚባል ፎልደር ይፈልጋል። እዚያ ውስጥ ቪዲዮውና ድምፁ ያሉባቸው "ቪኦቢ" ፋይሎች፣ መንገድ የሚያሳዩት "አይኤፍኦ" እና የእነሱ መጠባበቂያ "ቢዩፒ" መኖር አለባቸው። ቪዲዮው ራሱ ኤምፔግ-2 መሆን አለበት። ስፋቱም ሙሉ ሲሆን 720 በ576 ወይም 720 በ480 ነው፤ የመጀመሪያው ፓል ለሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ሁለተኛው ኤንቲኤስሲ ለሚባለው። ሰማያዊው ስክሪን የመጣው ዲስኩን ማንበብ አቅቶት ላይሆን ይችላል። አንብቦ የሚያውቀውን ነገር አጥቶ ነው።

ሌላም አለ። ባዶ ዲስክ ስታስገቢ ዊንዶውስ ሁለት ምርጫ ያቀርብልሻል፦ "እንደ ፍላሽ" ወይም "ለሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ"። "እንደ ፍላሽ" የሚለውን ሳትመርጪ አልቀረሽም። እሱ ለኮምፒውተር የሚመች አጻጻፍ ነው፤ አሮጌ ዴክ አይገባውም። ሁለተኛውን ብትመርጪም ኤምፒ4ቱን አይለውጥልሽም፣ እንዳለ ነው የሚገለብጠው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። እኔም ወድቄ ነው ያወቅኩት። አንድ ምሽት ሙሉ አራት ዲስክ አቃጥዬ ሁሉም ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚሠሩ ሆነው አደሩ።

የሚያስፈልግሽ ቪዲዮውን የሚለውጥና ፎልደሩን የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ዲቪዲስታይለር ነፃ ነው፣ ይበቃሻል። ዊንዶውስ 7 ያለው ሰው ዲቪዲ ሜከር አብሮት ይመጣል፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን አወጡት።

ጋሽ_ሌዘር

ዝምተኛው ልክ ነው። እኔ ዲስኩን ሳይ ፋይሉን ሳላይ ቀረሁ። የሙያ በሽታ ነው።

ሩት፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ስለሆነ ጥራቱን ከፍ አድርጊው። ሁለት ሰዓት ሙሉ በአንድ ዲስክ ለማስገባት በሴኮንድ ወደ 5 ሜጋቢት መውረድ ግድ ይላል። የአንቺ ግን ከ7 በላይ ይችላል። ከ9.8 ማለፍ ደግሞ ለቪዲዮው አይፈቀድም። 7 ላይ አድርጊውና ድምፁም ቦታ ይኑረው።

ቁጥር_ወዳድ

ቦታ ካነሣችሁ አይቀር የኔን ጉድ ልንገራችሁ። ባለፈው አንድ የአይኤስኦ ፋይል (የአንድ ሙሉ ዲስክ ቅጂ በአንድ ፋይል) ማይነስ አር ላይ ልክክ ብሎ ገባ። ያንኑ ፋይል ፕላስ አር ላይ ስጽፍ "ቦታ አይበቃም" አለኝ። ሁለቱም "4.7 ጊጋ" ይላሉ! ፕሮግራሙ ተበላሸ ብዬ አጥፍቼ ጫንኩት። ያው ሆነ።

በኋላ ነው የገባኝ። ዲቪዲ-አር 4,707,319,808 ባይት ይይዛል። ዲቪዲ+አር 4,700,372,992። ልዩነቱ 7 ሜጋባይት አይሞላም። የኔ ፋይል መሐላቸው ላይ አርፎ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል ሎተሪ ላይ ቢገጥመኝ።

ሩት_ም

ታዲያ ላፕቶፔ ለምን 4.38 ጊጋ ብቻ ይለኛል? ተሰረቅኩ እንዴ 😄

ቁጥር_ወዳድ

አልተሰረቅሽም። ዲስክ ሠሪዎቹ ጊጋ የሚሉት አንድ ቢሊዮን ባይትን ነው። ዊንዶውስ ግን ጊጋ የሚለው 1,073,741,824 ባይትን ነው። 4.7 ቢሊዮኑን ለዚያ ስታካፍይው 4.38 ገደማ ይወጣል። የቁና ልዩነት እንጂ እህሉ አልጎደለም።

የፎቶ_ሳጥን

ክሩን ስላገኘሁት ደስ ብሎኛል። የኔ ጥያቄ ትንሽ ይለያል። የቤተሰብ ፎቶ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። አርደብልዩ ይሻላል ወይስ አር? ዲቪዲ-ራም የሚባልም አይቻለሁ። እሱስ?

ጋሽ_ሌዘር

ለማስቀመጥ አርደብልዩን አልመክርህም። ውስጡ ያለው እንደ ቀለም የሚቃጠል ነገር አይደለም። የብረታ ብረት ቅይጥ ነው፤ ሌዘሩ ሲያሞቀው አንዴ እንደ ክሪስታል ሥርዓት ይይዛል፣ አንዴ ይበታተናል። ሥርዓት የያዘው በደንብ ያንጸባርቃል፣ የተበታተነው አያንጸባርቅም። መጻፍና መሰረዝ ማለት ይሄ ነው። እንዲለወጥ ተብሎ የተሠራን ነገር ሳይለወጥ ኑር ማለት አይመቸኝም። ደግሞ በስህተት ሊሰረዝም ይችላል። በልጅ እጅ ከገባ አበቃለት።

አር ውስጥ ያለው ቀለም ነው። ሌዘሩ ያቃጥለዋል፣ የተቃጠለው አይመለስም። የቀለሙ ጠላት ብርሃንና ሙቀት ነው። ጨለማ፣ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ቦታ፣ በማቀፊያው ውስጥ ቀጥ አድርገህ አቁመው።

ዲቪዲ-ራም ሌላ ፍጡር ነው። በ1998 ሲወጣ በአንድ ገጽ 2.6 ጊጋ ነበር የሚይዘው፣ በኋላ 4.7 ሆነ። መቶ ሺህ ጊዜ ይጻፍበታል ይባላል፤ የአርደብልዩ መቶ እጥፍ ነው። የተበላሸ ቦታ ሲያገኝ ራሱ ዘሎ ሌላ ቦታ ይጽፋል። እንደ ሃርድ ዲስክ ፋይል ማውጣት፣ መክተት፣ መሰረዝ ይቻላል። ገልብጠህ ስታየው ላዩ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተበታትነው ታያለህ፤ ከሌላው ለይተህ የምታውቀው በዚያ ነው። አንዳንዱ በፕላስቲክ ካርትሪጅ ውስጥ ነው የሚመጣው። በሙያዬ ከሁሉ የምወደው እሱን ነበር። ግን የቤት ዴክ አብዛኛው አያነበውም። ምርጥ ነገር ሆኖ ሰው የማያውቀው።

የፎቶ_ሳጥን

አመሰግናለሁ ጋሼ። አንድ ቀረኝ፤ ኤም-ዲስክስ?

ደማሪው

እሱን እኔ ልመልስ። ኤም-ዲስክ ላይ የሚጻፍበት ንብርብር ቀለም ሳይሆን እንደ ድንጋይ ያለ ነገር ነው። ለመጻፍ ጠንከር ያለ ሌዘር ስለሚፈልግ "ኤም-ዲስክ" የሚል ምልክት ያለበት ድራይቭ ያስፈልግሃል። ለማንበብ ግን ተራው ድራይቭ ይበቃል። አምራቾቹ 1,000 ዓመት ይላሉ። ቆጥሮ የሚያረጋግጥልን እንግዲህ የለም። በነገራችን ላይ የዲቪዲው ኤም-ዲስክ በዓይነቱ ፕላስ አር ነው። እንዲያው ለማለት ያህል ነው ጋሼ 😉

ጋሽ_ሌዘር

አየሁህ።

የፎቶ ሳጥን፣ የዲስኩን ዓይነት ከመምረጥ ይልቅ አንድ ልማድ ያዝ። ጽፈህ ስትጨርስ "ቬሪፋይ" የሚለውን አትዝለል። ድራይቩ የጻፈውን መልሶ እያነበበ ከዋናው ጋር ያስተያያል። ጊዜ ይወስዳል፣ ሰው ይሰለቸዋል። ግን የተበላሸ ዲስክ መበላሸቱን የምታውቀው ዋናው ፋይል ገና እጅህ ላይ እያለ መሆን አለበት። ደግሞ ሁለት ኮፒ አድርግ፤ ከተቻለ ሁለቱን ከተለያዩ አምራቾች።

ሄለን_22

ስለ ፍጥነትስ? "በዝግታ ከተጻፈ ይሻላል" ይባላል። እኔ ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ነው የምመርጠው።

ዝምተኛ_ሰው

ግማሽ እውነት ነው። የዲቪዲ 1 ኤክስ በሴኮንድ 1.385 ሜጋባይት ነው። የሲዲው 1 ኤክስ 150 ኪሎባይት ብቻ ስለነበር የዲቪዲው ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ይሆናል። በ1 ኤክስ ሙሉ ዲስክ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በ8 ኤክስ ስምንት ደቂቃ፣ በ16 ኤክስ ስድስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ከ8 ወደ 16 ስትሄጂ የምታተርፊው ሁለት ደቂቃ እንደሆነ ልብ በይ። ምክንያቱም 16 ኤክስ የሚደርሰው ጠርዝ አካባቢ ብቻ ነው። ዲስኩ ያኔ በደቂቃ ወደ 10,000 ዙር ይሽከረከራል። ለሁለት ደቂቃ ብሎ ያን ያህል ማስጨነቅ አያዋጣም።

በሌላ በኩል ለ16 ኤክስ የተሠራ ዲስክ ቀለሙ የተመጠነው ለፈጣን ምት ነው። በ2 ኤክስ ስታቃጥይው ሁልጊዜ የተሻለ አይወጣም። እኔ የዲስኩን ፍጥነት ግማሽ ነው የምወስደው።

ሄለን_22

አመሰግናለሁ! ስንት ምሽት በከንቱ ቁጭ ብያለሁ።

ፈጣኑ

8.5 ጊጋ የሚለውስ? ሁለት እጥፍ አይደል? ለምን ሁሉም ሰው እሱን አይጠቀምም?

ጋሽ_ሌዘር

ተመልሰህ መጣህ? 😄 ዲኤል ነው፣ ባለ ሁለት ንብርብር። ፕላሱ በ2004 ወጣ፣ ማይነሱ ተከተለው። ሌዘሩ የላይኛውን ንብርብር ሰንጥቆ የታችኛውን ያነባል፤ ፊልም መሐል ላይ አንዳንድ ዴክ ለቅጽበት ቀጥ የሚለው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። ውድ ነው፣ ስትጽፍ የመበላሸት ዕድሉም ከነጠላው ይበልጣል። ለአሮጌ ዴክ ሁለት ነጠላ ዲስክ ይሻላል።

ያሬድ_ኬ

እኔ ጋ ደግሞ በቤት ሪከርደር የተቀዱ ዲስኮች አሉ፤ ከቴሌቪዥን በቀጥታ የሚቀዳው ዓይነት። ሪከርደሩ ላይ ይሠራሉ፣ ሌላ ቦታ ሁሉ "ባዶ ዲስክ" ይላሉ። ባዶ አይደሉም!

ጋሽ_ሌዘር

ፋይናላይዝ አልተደረጉም። ዲስኩ ላይ መጽሐፉ ተጽፏል፣ ማውጫው አልተጻፈም። ሪከርደሩ ያለ ማውጫውም ራሱ የጻፈውን ማንበብ ስለሚችል ያነበዋል፤ ሌላው ዴክ ማውጫ ፈልጎ ሲያጣ ባዶ ነው ይላል። እዚያው ሪከርደር ውስጥ አስገብተህ ከሜኑው "ፋይናላይዝ" በለው። ሪከርደሩ ሳይሞት ዛሬውኑ አድርገው። ዲስኮቹ አርደብልዩ ከሆኑ ደግሞ "ቪአር" በሚባለው አሠራር ተቀድተው ሊሆን ይችላል። እሱን ፋይናላይዝ ብታደርገውም ብዙ ዴክ አያጫውተውም፤ ወደ ኮምፒውተር ገልብጠህ እንደገና መሥራት ነው።

ያሬድ_ኬ

አንዱን አሁን አደረግኩት። ሦስት ደቂቃ ፈጀ፣ ላፕቶፕ ላይ ተከፈተ። ዘጠኝ ይቀረኛል።

ሩት_ም

ተመለስኩ። ዲቪዲስታይለር ላይ ፓል መረጥኩ፣ 7 ሜጋቢት አደረግኩት። መለወጡ ከሰዓት በላይ ፈጀ። ከዚያ ማይነስ አሩ ላይ በ8 ኤክስ ጻፍኩት፣ ቬሪፋይም አስደረግኩት። ሲወጣ ገልብጬ አየሁት፤ ከመሐል ጀምሮ የተጻፈበት ጠቆር ብሎ ከጠርዙ ትንሽ ቀደም ብሎ ይቆማል፣ የቀረችው ቀለበት ገና ወደ ሐምራዊ ታደላለች። ሞልቶ እንዳልፈሰሰ በዓይኔ አየሁ።

ዴኩ አነበበው! አባቴ "ይሄ ማነው የሚያለቅሰው?" ብሎ ጠየቀ። እሱ ራሱ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ሰው ሁሉ ቀጥኗል። እናቴ "እኔ እንዲህ ከስቻለሁ?" ብላ ደስ ብሏት አታስተካክሉት እያለች ነው። ዲስኩን ላበላሸው ነው ወይስ ሌላ?

ዝምተኛ_ሰው

ዲስኩ ደህና ነው። በስልክ የተቀረጸው 16፡9 ነው። ዴኩ ቴሌቪዥኑም 16፡9 መስሎት ይሆናል። በዴኩ ሴትአፕ ውስጥ የቴሌቪዥን ቅርጽ የሚል አለ። ቴሌቪዥኑ አሮጌና ካሬ (4፡3) ከሆነ "ሌተርቦክስ" በይው፤ ከላይና ከታች ጥቁር ያደርጋል፣ ሰው ግን ቅርጹን ይይዛል።

ሩት_ም

ሌተርቦክስ ነበር። ተስተካከለ። እናቴ አኩርፋለች።

ሁለተኛዋን ማይነስ አር ለአክስቴ ልጽፍላት ነው። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ስም ብጽፍበት ይጎዳዋል?

ጋሽ_ሌዘር

ሹል እስክሪብቶ ተይው፣ ጫፉ ለስላሳ የሆነ የዲስክ ማርከር ተጠቀሚ። ዲቪዲ ሁለት 0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲኮች ተጣብቀው ነው የተሠራው፣ ጽሑፉ መሐላቸው ነው። ስለዚህ ከሲዲ ይሻላል፤ ሲዲ ላይ ጽሑፉ ከስያሜው ሥር በቀጭኑ ነው ያለው፣ ከላይ ስትጭሪው አለቀለት። የወረቀት ስቲከር ግን በፍጹም እንዳትለጥፊበት። ሚዛኑን ያዛባዋል። ጠርዙ ሲነሣ ደግሞ ዴክ ውስጥ ተጣብቆ የቀረ አይቻለሁ፤ ዴኩን በመፍቻ ፈትተን ነው ያወጣነው።

ፈጣኑ

እሺ፣ አንድ ነገር ልናገር፣ እንዳትስቁብኝ። ይሄን ክር አንብቤ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉትን አሮጌ ዲስኮቼን አወጣሁ። የዩኒቨርሲቲ ፎቶዎቼ ያሉት እዚያ ብቻ ነው። ከሰባቱ ሁለቱ አያነቡም። ድራይቩ ይሽከረከራል፣ ይቆማል፣ ይሽከረከራል። ጋሼ፣ ምን ላድርግ?

ጋሽ_ሌዘር

አልስቅብህም። መጀመሪያ ለስላሳ ጨርቅ ይዘህ ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ጥረገው፤ እያዞርክ አትጥረግ። ከዚያ ሌላ ድራይቭ ላይ ሞክር፣ ከተቻለ ሦስት አራት የተለያየ። አንዱ ድራይቭ የተፋውን ሌላው የሚያነብበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አሮጌ የዴስክቶፕ ድራይቭ ካገኘህ በእሱ ጀምር። አንዱ ካነበበው ፎቶ ከፍተህ ማየት አትጀምር። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገልብጥ፤ ሁለተኛ ጊዜ ላያነብልህ ይችላል።